ድስቱ ከምን ተሠራ?

ሲያትል ውስጥ የአንድ ሕፃን ደም ተመርምሮ እርሳስ ከተገኘበት፣ አንዲት ነርስ የጥያቄ ወረቀት ይዛ ወደ ቤቱ ትመጣለች። ቤቱ መቼ ተሠራ? የግድግዳው ቀለም ይላላጣል? ልጁ አፈር ይቅማል? አባት የት ነው የሚሠራው፤ ጋራዥ፣ ግንባታ ወይስ ባትሪ ቤት? እኔ ከጎኗ የምቀመጠው አስተርጓሚ ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር፤ አሁን እናቶች የሚሉትን ለነርሷ፣ ነርሷ የምትለውን ለእናቶች አደርሳለሁ። አስተርጓሚ የራሱን ቃል አይጨምርም፤ ደንቡ ነው። አንዲት ጥያቄ ግን ነርሷን አስፈቅጄ እጨምራለሁ፦ «ከአገር ቤት የመጣ ብረት ድስት አለ?»

ብዙውን ጊዜ አለ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቆሎውና ቡናው በታጨቀበት ሻንጣ ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ ውቅያኖስ የተሻገረ ድስት። ከመርካቶ የተገዛ ይሆናል፣ ለሠርግ የተሰጠ ይሆናል፣ ወይም የእናት ነው። እዚህ ድስት የሚሸጥ ሱቅ ጠፍቶ አይደለም፤ ወጡ ግን የሚጥመው በዚያኛው ነው። ነርሷ በወረቀቷ ላይ ያልጻፈችው ነገር ይኸው ነው፤ የእኛ ሰው ከአገሩ ሲወጣ ከልብሱ ይልቅ ለወጥ ቤቱ እንደሚሳሳ።

እርሳስ ስል ተማሪ የሚጽፍበትን ማለቴ አይደለም፤ በእሱ ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው፣ ከዚህ ጉዳይ ጋር ዝምድና የለውም። የምናገረው በመኪና ባትሪ ውስጥ ስላለው፣ ጥይት ስለሚሠራበት፣ በቢላ ሊቆረጥ ስለሚችለው ለስላሳና ከባድ ብረት ነው። ሽታ የለውም። ወጥ ውስጥ ቢገባ ጣዕሙን አይለውጥም፤ መልኩንም አያደበዝዝም።

«ስምንት ልጅ አሳድጌበታለሁ»

ከገባሁባቸው ቤቶች ስለ አንዱ ልናገር፤ ስምም ሰፈርም አልጠራም። ልጁ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ይሮጣል፣ ይስቃል፣ የነርሷን ቦርሳ ሊከፍት ይታገላል። የደሙ ውጤት ግን 9 ይላል። ይህ ማለት በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ሊትር አንድ አሥረኛ ውስጥ፣ 9 ማይክሮግራም እርሳስ አለ ማለት ነው። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2021 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሐኪሞች እንዲነቁ ያስቀመጠው ቁጥር 3.5 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ 5 ሲደርስ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል። ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር አለ፤ ከዚህ በታች ከሆነ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልተገኘም።

ቤቱ አዲስ ነው። አሜሪካ የእርሳስ ቀለም በመኖሪያ ቤት እንዳይቀባ የከለከለችው በ1978 ስለሆነ ግድግዳው አያሳስብም። አባት መኪና ይነዳል እንጂ ባትሪ አይፈታም። ወረቀቱ አለቀ፤ ጥፋተኛው አልተገኘም። እኔ ስለ ድስቱ ስጠይቅ ከጓዳ አንድ ወፍራም፣ ጠርዙ ትንሽ የተንጋደደ፣ እንደ ብር የሚያበራ የአሉሚኒየም ድስት ወጣ። ነርሷ በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መሣሪያ አስጠግታ ተጫነች። ደቂቃ ሳይሞላ ቁጥር ወጣ። እርሳስ አለበት።

ወጣቷ እናት መጀመሪያ ያለችው «እትዬ፣ እኔ እኮ አሟሽቼዋለሁ» ነው። እንደ ወግ አጥባለች፣ ዘይት ቀብታለች፣ ውሃ አፍልታበት ደፍታለች። ማሟሸት ለሸክላ የቀዳዳውን ቆሻሻ ያወጣል፣ ገላውን ያጠብቃል፤ በብረቱ ገላ ውስጥ የተበተነን እርሳስ ግን አያወጣም። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ፦ «ታዲያ በገዛ እጄ ነው ያበላሁት?»

አያትየው ከሶፋው ላይ ሆነው አላስጨረሷትም። «ተይ እባክሽ! እኔ በእንዲህ ያለ ድስት ስምንት ልጅ አሳድጌበታለሁ። ማንኛቸው ሞቱ?»

ይህንን ለነርሷ ስተረጉም ፈገግ አለች፤ እኔ ግን የአያትየው ጥያቄ የዋዛ ጥያቄ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሰው ስለ መርዝ ሲሰማ የሚያስበው የሚጥል ነገር ነው፤ ጠጥቶ የሚወድቅ፣ በልቶ የሚያስመልስ። እርሳስ በዚህ መጠን እንዲያ አያደርግም። «እማማ፣ ልጆችዎ ይደጉልዎት። የእርስዎ ድስት ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ደማቸውን የለካም የለም። ይህ ነገር ልጅ አይጥልም፤ ከልጁ ላይ ይቀንሳል» አልኳቸው። ለእናትየዋ ደግሞ «የኔ ልጅ፣ ድስቱን አንቺ አልሠራሽውም» አልኳት። የተናገርኩትን ሁሉ መልሼ ለነርሷ ተረጎምኩላት፤ ደንብ ነውና።

ሰውነት በካልሲየም ሲሞኝ

እርሳስ ከልጅ ላይ የሚቀንሰው ለምንድን ነው? መልሱ ሰውነት እርሳስን ከካልሲየም ለይቶ ማወቅ ስለሚያቅተው ነው። ልጅ አጥንትና አእምሮ እየሠራ ስለሆነ አንጀቱ ካልሲየም ሲያይ አያሳልፍም፤ እርሳሱ በዚያው በር ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትንሽ ልጅ አንድ ዓይነት ምግብ ከበላ አዋቂ ይልቅ ከ4 እስከ 5 እጥፍ እርሳስ ወደ ሰውነቱ ያስገባል። በምግቡ ብረት (አይረን) ወይም ካልሲየም ያነሰው ልጅ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ከገባ በኋላ የአእምሮ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መንገድ ያውካል። ውጤቱ በምላስም በቆዳም አይታይም። በትምህርት ቤት ይታያል፤ ልብ የማይል፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ ትናንት የገባው ነገር ዛሬ የሚጠፋበት ልጅ። በ1979 አሜሪካዊው ሐኪም ኸርበርት ኒድልማን የወለቁ የወተት ጥርሶችን ከተማሪዎች ሰብስቦ በውስጣቸው ያለውን እርሳስ ለካ። ታመው የማያውቁ ልጆች ነበሩ፤ ሆኖም በጥርሳቸው ውስጥ ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው በአእምሮ ፈተናም በክፍል ውስጥ ጠባይም ከጓደኞቻቸው ያንሱ ነበር። አስተማሪ ሆኜ ይህንን ሳነብ «ሰነፍ» የተባሉ ስንት ተማሪዎች በፊቴ እንዳለፉ አስቤያለሁ። ከእነሱ ውስጥ የየትኛው ደም ምን እንደነበረበት የሚያውቅ የለም።

እርሳስ በደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በወር ገደማ ግማሹ ይወጣል ወይም ቦታ ይቀይራል። ቦታ የሚቀይረው ወደ አጥንት ነው፤ እዚያ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ሴት ልጅ አድጋ ስታረግዝ ሰውነቷ ለፅንሱ ካልሲየም ከአጥንቷ ይበደራል፤ በልጅነቷ የገባው እርሳስም አብሮ ይወጣል። አዋቂዎችንም አይምርም፤ የደም ግፊትና የኩላሊት በሽታ ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ነው።

እናቶች ሁሌም የሚጠይቁኝ መድኃኒት አለው ወይ ብለው ነው። እርሳስን ከደም ለቅሞ በሽንት የሚያወጣ መድኃኒት አለ፤ ሐኪሞች የሚሰጡት ግን ቁጥሩ 45 እና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው፤ ያም ቢሆን አእምሮ ላይ የደረሰውን አይመልስም። 9 ላለው ልጅ ሕክምናው ምንጩን ከቤት ማውጣት ብቻ ነው። በዚያ ቤት ድስቱ ወጣ፤ በተከታታይ በተደረጉት ምርመራዎች ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደ።

ከማቅለጫው በስተጀርባ

እናትየዋ ድስቱን ካልሠራችው ማን ሠራው? ከምንስ ሠራው?

ምናለሽ ተራን ለሚያውቅ አንባቢ መልሱ ቅርብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተጥሎ የሚቀር ነገር ያለ አይመስለኝም። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ የተሰበረ ባልዲ፣ የተቀደደ ቆርቆሮ፣ የደረቀ ባትሪ ይገዛል፤ ምናለሽ ተራ ደግሞ በርሜሉን ምድጃ፣ ጣሳውን ኩራዝ፣ ጎማውን በረባሶ ያደርገዋል። ልጅ ሳለሁ በዚያ ስናልፍ የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ያደነቁር ነበር፤ እናቴ ግን «ከእነዚህ በላይ ባለሙያ የለም» ትል ነበር። ዛሬም አልክዳትም። የድሃ አገር ብረት ሁለት ሦስት ጊዜ ይወለዳል፤ ይህ ሊያኮራን ይገባል።

ችግሩ ያለው ሲወለድ ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚጠይቅ ሰው በሌለበት ነው። በአፍሪካም በእስያም ያሉ ትናንሽ ማቅለጫዎች ድስት የሚሠሩት በተመሳሳይ መንገድ ነው። የአሉሚኒየም ውድቅዳቂ ይሰበሰባል፤ የሞተር አካል፣ የመኪና ራዲያተር፣ የመስኮት ፍሬም፣ የመጠጥ ጣሳ፣ የኤሌክትሮኒክስ ቅርፊት። ይቀልጥና በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ይፈሳል። ራዲያተሩ የተበየደበት ብየዳ እርሳስ አለው። የነሐስ ማያያዣዎች በቀላሉ እንዲቆረጡ እርሳስ ይጨመርባቸዋል። ከአሉሚኒየም ቅይጦችም ለማሽን እንዲመቹ ሆን ተብሎ እርሳስ የገባባቸው አሉ። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ እርሳስ ግን ገና በ327 ውሃ ሆኗል። ስለዚህ በእሳቱ ላይ አሉሚኒየሙ ገና መለስለስ ሲጀምር እርሳሱ ቀልጦ ሥራውን ጨርሷል። ድስቱ ሲወለወል ከንጹሑ ድስት እኩል ያበራል።

ሊያኮራን በሚገባው ቁጠባ ውስጥ መርዙ ይዘዋወራል፤ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ማንም ማንንም ለመግደል አላሰበም። ቆራሌው እንጀራውን ነው የሚፈልገው፣ አቅላጩም እንጀራውን፣ እናትየዋም እንጀራውን የምታበላበት ወጥ።

ለጉዳዩ ትኩረት ከሰጡት መካከል በኦሃዮ የአሽላንድ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ጄፍሪ ዋይደንሃመር አንዱ ነው። ከካሜሩን በተገኙ ድስቶች ጀምሮ በ2017 እሱና ባልደረቦቹ ከ10 አገሮች የተሰበሰቡ 42 የአሉሚኒየም የወጥ ቤት ዕቃዎችን መረመሩ። ኬንያና ታንዛኒያ ከአገሮቹ መካከል ነበሩ። ኮምጣጤ አሲድ በውሃ አቅጥነው ለሁለት ሰዓት በየድስቱ አፈሉ፤ ከዕቃዎቹ ሲሶው ገደማ እርሳስ ለቀቀ። ፒዩር ኧርዝ የተባለው ድርጅት በ25 አገሮች ገበያ ውስጥ ከ5,000 በላይ ዕቃዎችን ሲመረምር፣ ከብረት ምግብ ማብሰያዎችና መመገቢያዎች ግማሽ ያህሉ ድርጅቱ ካስቀመጠው ወሰን በላይ እርሳስ ነበረባቸው።

እኔ ወደምኖርበት ልመለስ። በዋሽንግተን ግዛት የስደተኛ ልጆች ደም ሲመረመር የአፍጋኒስታን ልጆች ውጤት ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሲያትል ያለችበት የኪንግ ካውንቲ የአደገኛ ቆሻሻ መርሐ ግብር ባለሙያዎች ቤቶቹን ሲፈትሹ ከአገራቸው ያመጧቸውን የአሉሚኒየም ድስቶችና ግፊት ማብሰያዎች አገኙ። ጥናታቸው በ2022 ታተመ። ብዙዎቹ ድስቶች ከሚሊዮን 100 እጅ በላይ እርሳስ ነበረባቸው፤ ከፍተኛው 66,374 ነበር። ይህን ቁጥር ወደ ወጥ ቤት ላምጣው፦ ያ ድስት አንድ ኪሎ ቢመዝን ከውስጡ 66 ግራሙ እርሳስ ነው። አንደኛው ግፊት ማብሰያ ደግሞ በቀን ለሕፃን ከሚፈቀደው መጠን 650 እጥፍ የሚሆን እርሳስ ለቀቀ። ከማይዝግ ብረት የተሠሩት ድስቶች የለቀቁት እጅግ ያነሰ ነበር።

የእኛ ወጥ ለዚህ ነገር ምቹ ነው። ዶሮ ወጥ ሰዓታት ይፈላል። ቲማቲም አለ፣ ሎሚ አለ፣ አንዳንዱ ቤት ወይን ጠጅ ጠብ ይደረግበታል፤ ሁሉም አሲድ ናቸው፤ አሲድ ብረት ይልሳል። ወጡ ደግሞ ካደረ ይበልጥ ይጥማል እየተባለ እዚያው ድስት ውስጥ ያድራል። በዚያ ላይ ባልትና ያላት ሴት ድስቷን በአመድና በሽቦ ፈትጋ ታነጣለች። አሉሚኒየም በአየር ሲነካ ላዩ ላይ ስስ መከላከያ ሽፋን ያበጃል፤ ፍተጋው ያንን ገፎ አዲሱን ብረት ለሚቀጥለው ወጥ ያጋልጣል።

እርድና ኩል

የእርሳስ በር ድስት ብቻ አይደለም። ሁለት ሌሎችን ልጥቀስ፤ ሁለቱንም በየቤታችን ስለማውቃቸው።

አንደኛው ኩል ነው። በብዙ አገር ኩል የሚፈጨው ጋሌና ከሚባል ድንጋይ ነው፤ ጋሌና የእርሳስና የድኝ ውህድ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኩልን በመዋቢያነት አልፈቀደም። ለሕፃን ዓይን «ያጠራል» ተብሎ ሲቀባ ልጁ ዓይኑን በእጁ ያሻል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ነርሷ ስለ ኩል ስትጠይቅ እናቶች ይስቃሉ፤ ውጤቱን ሲያዩ ግን አይስቁም።

ሁለተኛው እርድ ነው፤ አልጫችንን ቢጫ የሚያደርገው። እዚህ ላይ የማወራው ስለ ኢትዮጵያ ሳይሆን ስለ ባንግላዴሽ ነው፤ ታሪኩ መርዝን ማጥፋት እንደሚቻል ስለሚያሳይ። በ1980ዎቹ ጎርፍ የመታው እርድ መልኩ ስለደበዘዘ አንዳንድ አዘጋጆች ሌድ ክሮሜት የሚባል ደማቅ ቢጫ ቀለም ይቀቡት ጀመር። ቀለሙ እርሳስ አለበት። ገዢ ደማቁን ስለሚመርጥ ልማዱ ሰነበተ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ጄና ፎርሳይትና በዳካ የሚገኘው የጤና ምርምር ማዕከል ባልደረቦቿ በነፍሰ ጡሮች ደም ውስጥ የነበረው እርሳስ ከእርዱ ጋር አንድ መሆኑን አሳዩ። በ2019 የአገሪቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ከተመራማሪዎቹ ጋር ተነሣ። በየገበያው ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ፣ ነጋዴዎች ተሰበሰቡ፣ በዳካ ትልቁ የቅመማ ቅመም ገበያ ላይ ድንገተኛ ፍተሻ ተደርጎ ቀለም የቀቡት ተቀጡ፤ በጋዜጣም በቴሌቪዥንም ወጣ። በ2019 በገበያ ከነበረው እርድ 47 በመቶው እርሳስ ነበረበት። በ2021 ዜሮ ሆነ።

ሁለት ዓመት። አዲስ ቴክኖሎጂ አልተፈለሰፈም፤ እያንዳንዷ የቤት እመቤትም በየቤቷ ኬሚስት አልሆነችም። ቀለሙ የሚገባበት አንድ በር ታወቀ፣ በሩም ተዘጋ።

በዓለም ደረጃም ቢሆን እርሳስ የተሸነፈው እንዲሁ ነው። በ1921 በጄኔራል ሞተርስ የሚሠራው ቶማስ ሚጅሊ ቤንዚን ላይ እርሳስ ቢጨመር ሞተር እንደማይንኳኳ አገኘ፤ ከዚያ ለአሥርት ዓመታት በየከተማው የሰው ልጅ የእርሳስ ጭስ ሲተነፍስ ኖረ። ክሌር ፓተርሰን የተባለ ሳይንቲስት የምድርን ዕድሜ ለመለካት ሲሞክር እርሳስ በየቦታው እያገኘ ላቦራቶሪው አልጠራ ቢለው፣ የኢንዱስትሪውን ቁጣ ችሎ ምንጩን ተናገረ። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በ2006 መግቢያ ላይ እርሳስ ካለበት ቤንዚን ወጡ፤ የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች። ሹፌሩ ማደያ ላይ ቆሞ «እርሳስ አለበት ወይ?» ብሎ መጠየቅ አላስፈለገውም። ኢትዮጵያም በ2018 በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚያዝ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አውጥታለች። የዋሽንግተን ግዛት ደግሞ በ2024 በወጣ ሕግ ያንኑ 90 ቁጥር ለድስት አድርጎ ከ2026 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል። በነሐሴ 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከውጭ የሚገቡ አንዳንድ የአሉሚኒየምና የነሐስ ማብሰያዎች እርሳስ እንደሚለቁ ለሱቆች አስጠንቅቋል።

ለእናቶች የምለው

ሕግ እስኪደርስ ወጥ መሠራቱ አይቀርምና፣ ቤት ለቤት የምናገረውን እዚህም ልጻፈው።

ከምን እንደተሠራ የማይታወቅ ቀልጦ የተሠራ የአሉሚኒየም ድስት ለልጅ ምግብ አይሁን። አቅም ካለ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ይገዛ። በእጅ የተሠራው፣ የሚያብረቀርቅ ቅብ የሌለው የአገራችን ሸክላ ድስት ባለበት ቤት እሱ ይሻላል፤ በሸክላ ዕቃ እርሳስ የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ ላዩ ላይ የሚቀባው የሚያብረቀርቅ ቅብ ነው፤ የእኛ ሸክላ ሠሪዎች እሱን አይጠቀሙም። ሁሉን በአንዴ መቀየር ካልተቻለ ቢያንስ ቲማቲምና ሎሚ ያለበት ነገር በአሉሚኒየም አይፍላ፤ ወጥም አይደርበት፤ እንደበሰለ ወደ መስታወት ወይም ወደማይዝግ ዕቃ ይገልበጥ። ልጁ ምስር፣ ጎመን፣ ሥጋ፣ ወተትና አይብ ያግኝ፤ ብረትና ካልሲየም የጠገበ አንጀት እርሳስን እንደ ልቡ አያስገባም። ኩል ከሕፃን ዓይን ይራቅ። ባትሪ የሚፈታ፣ ራዲያተር የሚበይድ አባት የሥራ ልብሱን ቤት አያስገባ፤ ልጁን ከማቀፉ በፊት ይታጠብ። ምርመራ ባለበት አገር ያለ ደግሞ ሐኪሙን የልጄን ደም ለእርሳስ ለካልኝ ይበል፤ በሽታው ራሱ አይናገርምና።

አንድ ነገር ላይ ግን ሁልጊዜ እንከራከራለን፤ የተወገደው ድስት የት ይሂድ? «ለዚያች ለአዲስ መጪዋ ልስጣት፤ ምንም የላት» ይላሉ፤ ደግ ሰዎች ናቸው። አይሆንም። እዚህ አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበል ቦታ አለ፤ ወደዚያ ይሄዳል። አገር ቤት ግን ይህን ምክር ስሰጥ ቃሉ አፌ ላይ ይቀራል። አዲስ አበባ ያለችው እናት ብትጥለው ቆራሌው ያነሣዋል፤ ቆራሌው ካነሣው ይቀልጣል፤ ከቀለጠ ድስት ይሆናል። የአንዲት እናት ጥንቃቄ የሌላዋ ሸማች ዕቃ ይሆናል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ጉዳዩን የሴቶች ንቃት ጉዳይ አድርጎ መተው የማልቀበለው። መርዙ ወደ ዙሩ የሚገባበት በር ይታወቃል፤ ማቅለጫው አፍ ላይ ነው። ራዲያተርና የባትሪ ክፍል ከንጹሕ አሉሚኒየም ተለይቶ የሚሸጥበት አሠራር ቢኖር፣ ለድስት የሚሆነው ብረት ለድስት ሠሪ በሚችለው ዋጋ ቢደርሰው፣ ገበያው ውስጥ አንድ የኤክስሬይ መሣሪያ የያዘ ሰው ቢዞር፣ ግማሹ ሥራ አለቀ። መሣሪያው በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚገዛ ነው፤ ውድ ነው። አንድ ድስት ለማንበብ ግን ደቂቃ ስለማይፈጅበት አንዱ ለስንት ገበያ ይበቃል።

አቅላጩን ወንጀለኛ አድርጎ መነሣት ግን አይበጅም። እሱን ብቻ የሚቀጣ ደንብ ማቅለጫውን ከመንገድ ዳር ወደ ሰው ጓሮ ያስገባዋል እንጂ አያጠፋውም። ደግሞም ከሁላችንም አብልጦ የሚመረዘው እሱ ነው፤ ጭሱን ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሰው፣ አቧራውን በልብሱ ይዞ ወደ ልጆቹ የሚገባው። በኬንያ ሞምባሳ አጠገብ ኦዊኖ ኡሁሩ በሚባል መንደር የሆነውን ማየት ነው። አሮጌ ባትሪ የሚያቀልጥ ፋብሪካ መንደርተኛውን በከለው። እዚያው ተቀጥራ የነበረችው ፊሊስ ኦሚዶ የምታጠባው ልጇ በእርሳስ ታሞባት ተነሣች፤ ታሰረች፣ ተደበደበች፣ ግን አልተወችም። በ2020 ፍርድ ቤት ለመንደሩ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ ፈረደ። የመጀመሪያ ተጎጂዎቹ ሠራተኞቹና ልጆቻቸው ነበሩ።

ነርሷና እኔ ቤት ለቤት መዞራችንን እንቀጥላለን፤ ሥራችን ነው። እናት ግን ልትከለክል የምትችለው በራሷ ምድጃ ላይ ያለውን ድስት ብቻ ነው። ነገ የሚቀልጠውን ድስት መከልከል የሚችሉት ብረቱን የሚለይ ነጋዴ፣ እሳቱ አጠገብ የቆመ አቅላጭና መሣሪያውን ገዝቶ ወደ ገበያ የሚልክ መንግሥት ናቸው፤ ባንግላዴሽ በእርድ ላይ ያደረገችውን በድስት ላይ ለማድረግ ሌላ አዲስ ዕውቀት አያስፈልጋቸውም።